በእኔ ጆሮ ያመኑት ሰው

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ዐቢይ ፆም ሊገባ ሲል ቤታችን ይመጣሉ። የምነግራቸውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ነበረ። ለእሳቸው አልነገርኩም፤ ለእናቴ አልነገርኩም፤ አጠገቤ ለሚተኛው ባሌም አልነገርኩም። ዛሬ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ ልናገረው ነው። ምናልባት የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል። ይህም ፈሪነት ነው፤ አውቃለሁ።

ጋሽ ቶላ የሚባሉ የጊታር አስተማሪ ነበሩኝ። ክፉ አልሠሩብኝም። አንድም ቀን አልሰደቡኝም፣ አንድም ቀን አልናቁኝም። የሚያውቁትን ሁሉ ሳይሰስቱ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ፊት አዋርጄ፣ ጊታር ከእጃቸው አስጣልኳቸው። ያደረግሁት ይህ ነው። ቀሪው እንዴት እንዳደረግሁት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ አዳማ ቤታችን ቁጭ ብያለሁ። አባቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ጠዋት በሰርቪስ ይሄድና ማታ አቧራውን ተሸክሞ ይመለሳል። እራት ላይ ወሬው ኮንቴነር ነው፤ የትኛው እንደገባ፣ የትኛው ወረቀቱ እንደጎደለ። እኔንም እዚያው አንድ ቢሮ ሊያስገባኝ ሰው እያነጋገረ ነበር። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር፤ ብቻ ኮንቴነር አልነበረም።

አንድ ቀን ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ስሄድ የመብራት ምሰሶ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየሁ። «ጊታርና የሙዚቃ ንባብ በግል አስተምራለሁ። የቸኮለ አይምጣ። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰማያዊው በር» ይላል። ስልክ ቁጥር እንኳ የለውም። ሳቄ መጣ። ተማሪ የሚፈልግ ሰው «አይምጣ» ብሎ ይጽፋል? በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ።

የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ቶላ፣ ተማሪ መጥታልሃለች» ብለው ወደ በረንዳው ተጣሩ። ጋሽ ቶላ ረጅም፣ ከሲታ፣ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር ጊታር እየተጫወቱ አርሲና ባሌን ዞረዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዳማ ውስጥ ያልተጫወቱበት ሆቴል የለም። ጣቶቼን አገላብጠው አዩና «ጥፍርሽን ቁረጪ» አሉኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነበር።

ሦስት ሳምንት ጊታር አላስነኩኝም። ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ፤ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ የእትዬ ብርቄ የስፌት መኪና ከውስጥ ይንቀጫቀጫል። «መኪናዋን ስሚ» ይሉኛል። «አራት አራት ቁጠሪ፤ አንዱ ላይ አጨብጭቢ።» እትዬ ብርቄ ጨርቅ ለማዞር መኪናቸውን ሲያቆሙ የእኔም ጭብጨባ አየር ላይ ይቀራል። «እሷ ብታቆም አንቺ ለምን ታቆሚያለሽ? ምቱ ያንቺ ነው» ይላሉ። እትዬ ብርቄ ከውስጥ «ልጅቷን አታድክማት» ብለው ይጮኻሉ።

ኖታ ያስተማሩኝ መሬት ላይ ነው። የግቢውን አፈር በመጥረጊያ ያስተካክሉና በእንጨት አምስት መስመር ይስላሉ፤ በመስመሮቹ ላይ የበቆሎ ፍሬ ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ድምፅ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ አነባለሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ መጥታ ከመሃል አንዱን ፍሬ ለቅማ ሄደች። ጋሽ ቶላ ፈገግ እንኳ ሳይሉ «አሁን አንብቢው» አሉኝ።

«ሶልን በላችው እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ እዚያ ላይ ዝም በይና እለፊ። ዝምታም ይቆጠራል።»

ዛሬ እኔም ቤቴ ውስጥ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የዕረፍት ምልክትን ባሳየሁ ቁጥር ያቺ ዶሮ ትመጣብኛለች። ከዚያ ጋሽ ቶላ ይመጡብኛል። ከዚያ ያ እሑድ ይመጣብኛል፤ ትምህርቱን አቋርጬ ውሃ ልጠጣ እነሣለሁ።

ቅኝት ሲያስተምሩኝ ደግሞ እንዲህ ይጠይቁኝ ነበር፤ «ፈረንጅ ሰባት ድምፅ ይደረድራል፤ ትዝታ አምስት ይበቃዋል። ሁለቱ የት ሄዱ?» አላውቅም እላለሁ። «እኛ ነን የተውናቸው። የምትጫወቺውን ያህል የምትተዪውንም እወቂ።» ስቸኩል፣ ሁልጊዜም እቸኩል ነበር፣ መዳፋቸውን ክሮቹ ላይ ጋደም አድርገው ድምፁን ያፍኑና «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። እኔም «ቶሌ ጋሼ» እላለሁ፣ እሺ እንደ ማለት። ነፋሱ የወፍጮ ቤቱን ዱቄት ያመጣና በረንዳው ላይ ይበትነዋል፤ ጊታሩ ነጭ ይለብሳል፤ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል። እነዚያን ጠዋቶች የሚያህል ጠዋት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ምን እንደነበረኝ እያወቅሁ እንዳጠፋሁት እንድታውቁ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ቀጭኑ ክር ላይ ስሳሳት አያርሙኝም። በፊት ግን ከጓሮ ሆነው እንኳ «ተይው፣ ድገሚው» ይሉ ነበር። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ሲጠራ የማነሳው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ጊታራቸውን ሲቃኙ ቀጭኑን ክር ወጠሩት፣ ወጠሩት፣ ተበጥሶ እጃቸውን እስኪገርፋቸው ድረስ። ደሙን በመሐረብ ያዙ። ከዚያም፣ ቤት ውስጥ ያሉት እትዬ ብርቄ እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በስሜ ጠሩኝ፤ «ሰላም፣ ጆሮዬ እየተወኝ ነው» አሉ።

ወፍራሞቹን ክሮች ይሰማሉ። ቀጭኖቹ ግን ማዶ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ናቸው፤ አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ሠላሳ ዓመት ከድራምና ከስፒከር አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮ ነው። «ለብርቄ አልነገርኳትም። አብሬው ለምጫወተው ባንድም አልነገርኩም። ላንቺ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሰኞ ሰኞ ሶደሬ የሚሄዱት ለዚህ ኖሯል። ለእትዬ ብርቄ «ለወገቤ ነው» ይላሉ። አንድ ሰኞ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው፣ ጭንቅላታቸውን አዘንብለው፣ መጀመሪያ አንዱን ጆሮ ነከሩ፤ ቆዩና ሌላውን። እኔ ዳር ተቀምጬ ሳይ ጦጣ ዳቦዬን ቀምታኝ ዛፍ ላይ ወጣች፤ እሳቸው ከውሃው ውስጥ አይተው በሳቅ ፈረሱ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «ለውጥ አለው ጋሼ?» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ወገቤ ደህና ሆኗል» አሉ።

በዚያን ጊዜ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል የአትክልት ቦታ ውስጥ ከባንድ ጋር ይጫወቱ ነበር። ከሶደሬ የሚመለሱ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ምሳ የሚበሉበት፣ የከተማው ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ነው። ምሥጢራቸውን ከነገሩኝ በኋላ ጊታራቸውን የምቃኘው እኔ ሆንኩ። የባንዱ መሪ ሚኪያስ ከኪቦርዱ አንድ ድምፅ ይሰጠኛል፤ ከመድረኩ ጀርባ ቃኝቼ አቀብላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ተማሪ ለአስተማሪዋ የምታደርገው አክብሮት ይመስለዋል። ሚኪያስ አንድ ጊዜ ያቺን መብራት የምታበራ ትንሽ መቃኛ ሊያውሳቸው ሲል «በዓይኑ የሚቃኝ ሰው በአፍንጫው ይዝፈን» ብለው አስቀውታል። ኩራታቸው ነበር። ኩራታቸውም ምሥጢራቸውም እኔ እጅ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ።

ከመድረኩ ጀርባ መቆም ያኮራኝ ለጥቂት ወር ነው። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን ማየት ጀመርኩ፤ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መድረኩ ሲዞር፣ ልጆች ከድራሙ ፊት ሲዘልሉ። የቃኘሁት እኔ ነኝ፤ የሚጨበጨበው ለእሳቸው ነው። አንድ እሑድ ሚኪያስ ገመድ እየጠቀለለ «አንቺ እኮ ትችያለሽ» አለኝ። «ሴት ልጅ ጊታር ይዛ ብትወጣ እዚህ ቦታ ወንበር አይገኝም። ግን ጋሽ ቶላ እያሉ ሌላ ጊታር ምን ይሠራልኛል?» ለጨዋታ የተናገረው ነው። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ሐሙስ ጠዋት በረንዳው ላይ «ጋሼ፣ እሑድ አንድ ሁለት ዘፈን እኔ ብጫወትስ? እርስዎ ትንሽ አረፍ ይላሉ» አልኳቸው።

«ገና ነሽ» አሉ።

«መቼ ነው የምደርሰው?»

«ሁለት ዓመት።» ፊቴን አዩና እንዳይከፋኝ ጨመሩበት፤ «ጣትሽ ደርሷል። ልብሽ ነው የሚሮጠው።»

እውነታቸውን ነበር። ያን ቀን የሰማሁት ግን ሌላ ነው። በእኔ ጆሮ እየተጫወቱ እኔን ገና ነሽ ይሉኛል፣ አልኩ በልቤ። ሰው ሊበድል ሲነሣ መጀመሪያ ራሱን ተበዳይ ያደርጋል መሰለኝ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ከሐሙስ እስከ እሑድ ራሴን ስበደል አየሁ፤ እሑድ ሲደርስ ተዘጋጅቻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ሰሞን ነበር፤ ቦታው ጢም ብሏል። ሚኪያስ ድምፁን ሰጠኝ። እኔም ቃኘሁ፤ ስድስቱንም ክር፣ በትክክል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስህተት አልነበረም። በትክክል ከቃኘሁ በኋላ ከቀጭኖቹ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክር መልሼ አላላኋቸው። ትንሽ ነው ያላላኋቸው፤ ክሩ የተበላሸ እንዳይመስል ትንሽ፣ ጆሮ ያለው ሁሉ እንዲሰማው ግን በቂ። ይህን ለማድረግ ጥሩ ጆሮ ያስፈልጋል። ጥሩ ጆሮ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ጊታሩን በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። «ገለቶሚ» አሉኝ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ወደ መድረኩ ወጡ።

የመጀመሪያው ዘፈን በጊታር ብቻ ነው የሚገባው። ጋሽ ቶላ ጀመሩ። አራት አምስት ድምፅ እንደተጫወቱ ቆም አሉ። ግንባራቸው ተኮማተረ። ጆሯቸውን ወደ ጊታሩ ዝቅ አድርገው ደግመው ነኩት። ሰምተውታል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሰምተውታል። ከዚያ ቀና ብለው በዓይናቸው ፈለጉኝ። ከስፒከሩ ጎን ቆሜያለሁ። ቅንድባቸውን አነሱ፤ «ልክ ነው?» ማለታቸው ነው።

በዚያች ሰከንድ ሁሉንም መመለስ እችል ነበር። ጭንቅላቴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ባወዛውዝ ይበቃል፤ ወርደው ይሰጡኛል፣ እቃኘዋለሁ፣ ክር ተንሸራቶ ነው እንላለን፣ ማንም አያውቅም። ለምን አላደረግሁትም? አላውቅም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አውቃለሁ። ስለፈለግሁ ነው። ፈገግ ብዬ፣ ልክ ነው፣ አልኳቸው በአንገቴ።

አመኑኝ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። የገዛ ጆሯቸውን ትተው እኔን አመኑና ቀጠሉ።

ኪቦርዱ ሲገባ ሁለቱ መሣሪያዎች ተጣሉ። ዘፋኟ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ድራም መቺው አቀረቀረ። ከፊት ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ሳቅ ተነሣ። አንድ ሰውዬ «ጋሼ፣ ይቃኙት እንጂ» አለ ጮክ ብሎ። አልሰሙትም። አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አይተው፣ ያመሰገናቸው መስሏቸው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ሳቁ ባሰ። እኔ ከስፒከሩ ጎን እንደቆምኩ ነኝ።

ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ሚኪያስ እጁን አንሥቶ ባንዱን አስቆመ። ሄዶ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ተናገራቸው። ደገመላቸው። ሦስተኛ ሲደግምላቸው እንደማይሰሙ ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። የጊታሩን ገመድ በቀስታ ነቅሎ «ዛሬ ይረፉ ጋሽ ቶላ» አለ፣ አሁን ሁሉም እስኪሰማ ጮክ ብሎ፣ ሳያውቀው።

ከመድረኩ ጀርባ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጊታሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሲያዩት ቆዩ።

«ሰላም፣ ልክ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ።

ጊታሩን ለእኔ ሰጥተው ተነሱ። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ ባጃጅ አስቆምኩላቸው። ከገቡ በኋላ ጎንበስ ብለው ወጣ አሉና «ባንዱን ባዶ አትተዪው። ግቢና ተጫወቺ» አሉኝ። ሐሙስ ዕለት የለመንኳቸውን ፈቃድ እሑድ ሰጡኝ።

ተመለስኩ። ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ሁለቱን ክሮች ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሚኪያስ አይቶኝ «ሲወጡ ነካክተውት ነው አይደል?» አለ። «ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ከዚያ ወጥቼ ተጫወትኩ። ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ። አጨበጨበ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ይህንንም ብደብቃችሁ ኑዛዜው ኑዛዜ አይሆንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጊታራቸውን ልመልስ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት እትዬ ብርቄ ናቸው። ጊታሩን አልተቀበሉኝም። «ያንቺ ነው ብሏል። ለሚሰማ ሰው ይሁን ብሏል» አሉ። «ግቢ እንጂ፣ አለ እኮ።» «እቸኩላለሁ እትዬ» አልኳቸው። ከበሩ አላለፍኩም። ክረምቱ ሳይወጣ የጋሽ ቶላ ወንድም የሚያርሰው መሬት ወዳለበት ወደ አቦምሳ ጓዛቸውን ጭነው መሄዳቸውን ከወፍጮ ቤቱ ሰማሁ።

እዚያ ሆቴል ሦስት ዓመት ተጫወትኩ፤ በእሳቸው ጊታር። ከዚያ ሚኪያስ ወደ ሐዋሳ ሄደ፣ ባንዱ ተበተነ፣ እኔ አገባሁ፣ ማስተማር ጀመርኩ። አባቴም ስለ ኮንቴነር ማውራቱን ባይተውም እኔን መጎትጎቱን ተወ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ማምለጫ ነበረችኝ። ጆሯቸው መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ሰው ያውቅ ነበር፤ እኔ ጥቂት አፈጠንኩት እንጂ አላመጣሁትም፣ እላለሁ። ይህችን እየደጋገምኩ ልጅ አሳድጌባታለሁ።

ባለፈው ጥር የባሌ አክስት አርፈው ለለቅሶ አቦምሳ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ ሴት መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «አንቺ ሰላም አይደለሽም?» አሉ። እትዬ ብርቄ ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ። «ሳታዪው አትሄጂም። ቢያውቅ ይቀየመኛል» ብለው እጄን ይዘው አወጡኝ።

መንገድ ላይ ነው የነገሩኝ። እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ፣ ምን እንደሚያደርጉኝ ሳያውቁ።

«ከዚያ ነገር በኋላ አዲስ አበባ ወስጄው ነበር» አሉ። «ሐኪሙ መረመረና፣ ግራው ደክሟል፣ ቀኙ ግን ገና ለዓመታት ይሠራል፣ መጫወትዎን አይተዉ አለው። ጋሽሽ ምን አለ መሰለሽ? ‹ዶክተር፣ እኔ ያንን ጆሮ ሰው ፊት ሞክሬዋለሁ› አለ። በቃ። ዝናቡን ይሰማል፣ ወፉን ይሰማል፣ እኔ ሳጉረመርም እንኳ ይሰማኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሰማ እኮ። ወንድሙ ጊታር ገዝቶ አመጣለት፤ አልነካም አለ። ‹ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?› ይላል። ከዚያ ወዲህ ነው ጨርሶ የሄደው፤ አሁንማ ምንም የለውም።»

ሰባት ዓመት። ማምለጫዬ እዚያ መንገድ ላይ ቀረች። ጆሯቸውን ጊዜ ነው የወሰደው፤ ሰባቱን ዓመት የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ዝናብ የሚሰማ ጆሮ ነበራቸው። እኔ ነኝ እንዳያምኑት ያደረግሁት።

ጋሽ ቶላ ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ጸጉራቸው ነጥቷል። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ፤ ወዲያው አወቁኝ። ተነሥተው ያዙኝ። የራሳቸውን ድምፅ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብለው «ኢንተላ ኮ! መጣሽ!» አሉ። አጥሩ ማዶ ያለ ጎረቤታቸውን ጠሩ። «ይህቺ ናት ያልኩህ፤ እንደዚህች ልጅ ጆሮ ያለው ሰው አላስተማርኩም» አሉት። ጎረቤቱ አንገቱን ነቀነቀልኝ። እኔም ነቀነቅሁለት።

ሰው የሚነግራቸውን የሚጽፍበት ደብተር አላቸው፤ ብዕሩ በክር ታስሮበታል። ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝና «ንገሪኝ» አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው አጠለቁ። እትዬ ብርቄ ወንበር ሊያመጡ ገብተዋል። ሁለታችን ብቻ ነን። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ሊመጣልኝ አይችልም ነበር። ብዕሩን አነሣሁ። «ጋሽ ቶላ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን እያዩት ጠበቁኝ። ከዚያ ይህን ጻፍኩ፤ «ቶሎ ሳልመጣ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አነበቡት። ሳቁ። «የሰው ልጅ ሥራ አለው፣ ትዳር አለው። ምኑ ይቅርታ ያስፈልገዋል?» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። «ጊታሩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ይኸውላችሁ። ሁለተኛ ከዳኋቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ልጅ አልነበርኩም፣ የሚያጓጓኝ መድረክም አልነበረም። ልጅ ነበርኩ ብዬ ላመካኝ እንዳልችል ያቺ ደብተር ትመሰክርብኛለች። አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። ሩቅ ነው አልልም፤ ከአዳማ ጠዋት የተሳፈረ ለምሳ አቦምሳ ይደርሳል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር።

አሁን ለእሳቸው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በጣም ያጥራል። ዓይናቸውን እንዳያስቸግር በትልልቅ ፊደል ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይላል፤ «ጋሽ ቶላ፣ ያን ዕለት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክር ያላላሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ቦታዎን ፈልጌ። ሲያዩኝ ልክ ነው ያልኩዎት እየዋሸሁ ነው። እርስዎ በትክክል ሰምተው ነበር።»

ቅዳሜ እሄዳለሁ። በእትዬ ብርቄ እጅ አልሰጥም፤ ራሴ ሰጥቼ፣ አንብበው እስኪጨርሱ ከፊታቸው አልነሣም። ቢያባርሩኝ እወጣለሁ። ዝም ቢሉም ዝምታቸውን ተቀብዬ እቀመጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ይቅርታ የሚል ቃል የለም። ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ያንን ቃል እሳቸው ደብተር ላይ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የጻፍኩትም እውነቱን ለመሸፈን ነበር።